ጅማ ላይ ካክተስ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ካክተስ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ነው፣ ያውም ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ። የበረሃ ተክል ነው ስለሚባል ሰው ሁሉ እንዳይጠማው ይሰጋል፣ ግን ከተማችን እኮ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ናት፣ መጋቢት ላይ የጀመረው እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይሄዳል፣ አፈሩም ቀይና የሚያጣብቅ ስለሆነ አንዴ ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ቤት የምናስቀምጣቸው አብዛኞቹ ካክተሶች ደግሞ ዘራቸው ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ ደረቅ ቦታዎች ነው፣ ስራቸው የለመደው አንዴ በደንብ ረጥቦ ከዛ ለሳምንታት ደርቆ መቆየትን ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳተው በወራቱ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአውሮፓና የአሜሪካ አሳዳጊዎች በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ውሃ አጠጡ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ አቁሙ ይላሉ፣ እነሱ ጋ ልክ ነው ምክንያቱም ያን ጊዜ ሙቀትና ፀሐይ አላቸው። እኛ ጋ ግን እነዚ ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፣ ሰማዩ ተዘግቶ ይውላል፣ የረጠበ አፈር ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም። ስለዚ እዚ ካክተስ በደንብ የሚያድገው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሞቃት ጊዜና ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ህዳር ላይ ነው ብላችሁ ያዙ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ማረፊያው ነው፣ ታህሳስና ጥር ደግሞ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ይቀነሳል።

ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ማሰሮውን በእጃችሁ አንሱት፣ ከባድ ከሆነ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ካላመናችሁ የመጥረጊያ ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ ትንሽ አቆዩና አውጡት፣ አፈር ተጣብቆበት ከወጣ ውሃ አያስፈልገውም፣ ላዩ ደርቆ ቢታይም። ከዛ ገልብጣችሁ ቂጡ ቀዳዳ እንዳለው እዩ፣ ከገበያ የሚገዛው የሸክላ ማሰሮም የቀለም ባልዲውም ብዙ ጊዜ የለውም።

ታቹ ለስልሷል፣ ቡኒ ወይ ጥቁር ሆኗል፣ ሲነኩት ይሰምጣል

ይሄ መበስበስ ነው፣ ከሁሉም አስቸኳዩም እሱ ነው፣ ነገ አየዋለሁ አይባልም። ስሩ ውሃ ውስጥ ሲከርም አየር ያጣና ይሞታል፣ የሞተውን ስር አፈር ውስጥ ያሉ ፈንገሶች ይይዙትና በግንዱ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከውጪ አረንጓዴ ሆኖ እያየነው ውስጡ እስከ ወገቡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው ማታ ደህና የነበረ ካክተስ ጠዋት ተዘርሮ የሚገኘው።

ጋዜጣ ደራርባችሁ ወገቡ ላይ አዙሩና በሱ ይዛችሁ ከማሰሮው አውጡት፣ አፈሩን አራግፉና ስሩን እዩ። ጤነኛ ስር ነጣ ወይ ገርጣ ያለ ቡኒ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ የሞተው ጥቁር ነው፣ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ተገፎ ክሩ ብቻ ይቀራል፣ ይሸታልም። የተበላሸው ስሩ ብቻ ከሆነ የሞተውን በንፁህ መቀስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ተክሉ ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ሳምንት ያህል ይረፍና በአዲስ ደረቅ አፈር ይተከል፣ ከተተከለ በኋላም ሌላ ሳምንት ውሃ አይንካው።

ግንዱ ከተያዘ ግን መቁረጥ ብቻ ነው መፍትሄው፣ ፀረ ፈንገስ መድሃኒት መርጨት የበሰበሰውን አይመልሰውም። ቢላውን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉና ከለሰለሰው ቦታ ከፍ ብላችሁ አንዴ አጋድማችሁ ቁረጡ። ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ገፅ በደንብ እዩት፣ መሃል ላይ ክብ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ላይ ቡኒ ወይ ብርቱካናማ ነጥብ ካለ ፈንገሱ ገና አላለቀም ማለት ነው፣ ቢላውን እንደገና ጠርጋችሁ ከፍ ብላችሁ ድገሙት፣ ገፁ ጥርት እስኪል ድረስ። እዚ ጋ ሰው ይሳሳል፣ ቁመቱን ላለማጣት ትንሽ ቡኒ ነጥብ ይተዋል፣ ያቺ የቀረችው ነጥብ ናት በወሩ ሙሉውን የምትጨርሰው።

የተረፈው ክፍል ቁስሉ መድረቅ አለበት። ጣት የሚያህል ከሆነ 1 ሳምንት ይበቃዋል፣ ክንድ የሚያህል ከሆነ እስከ 3 ሳምንት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከዛም ይረዝማል፣ ቤት ውስጥ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፣ ፋን ካላችሁ ክፈቱለት። የድኝ ዱቄት ካገኛችሁ ቁስሉ ላይ ነስንሱበት ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን ደረቅ አየር ነው። ሲደርቅ ባዶ ብርጭቆ አፍ ላይ አቁሙት፣ ለረጅም ጊዜ ከተጋደመ ወደ ብርሃን ይጎብጣል። ቁስሉ ደርቆ ሲጠነክር ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጡት፣ ስር እስኪያወጣ ውሃ የለም፣ ከሳምንታት እስከ 2 ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት እንቢ ሲል ስር ይዟል ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ውሃ ያን ጊዜ ስጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ስትቆርጡት ነጭ ወተት ከፈሰሰው ካክተስ አይደለም፣ የቁልቋል ዘመድ ነው፣ ብዙ ሰው ቤት ሁለቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ነው ያሉት። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል ቆዳም ያቃጥላል፣ ጓንት አርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ከነካችሁ በብዙ ውሃና ሳሙና ታጠቡ፣ ዓይን ከገባ ግን ለረጅም ደቂቃ በንፁህ ውሃ እያጠባችሁ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አፈሩ ካልተቀየረ መበስበሱ ተመልሶ ይመጣል

ይሄን ለብቻው ማውራት ፈልጌ ነው ምክንያቱም ከውሃውም በላይ ነገሩን የሚወስነው እሱ ነው። ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው አብዛኛው ካክተስ ቀይ አፈርና ኮምፖስት ውስጥ ነው ያለው፣ ለቡና ችግኝ የሚሆን አፈር ነው፣ ለካክተስ አይሆንም። ስትገዙ ክረምቱ ሳይመጣ ቀይሩት።

እኔ የምመክረው 2 እጅ ጠጠር ነክ ነገር ለ1 እጅ አፈር ነው። ጠጠር ነክ ስል ለመንገድና ለግቢ የሚደፋው ቀዩ ገረጋንቲ ባለ ቀዳዳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃም አየርም ያሳልፋል። በመዶሻ ሰባብሩትና በወንፊት ንፉት፣ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ያዙ፣ ዱቄቱን ጣሉ፣ ዱቄቱ ነው ሲረጥብ ሄዶ ቀዳዳውን የሚደፍነው። እሱ ከሌለ ብሎኬት ማምረቻ አካባቢ የሚገኘው ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እሱም ከሌለ ኮንስትራክሽን ቦታ ያለው 00 የሚባለው ትንሹ ጠጠር ታጥቦ ይሆናል። ደቃቅ አሸዋ ግን አትጠቀሙ፣ ከቀይ አፈር ጋር ሲገናኝ ይደድራል፣ አሸዋ ከሆነ ሸካራው የወንዝ አሸዋ ታጥቦ። ትንሽ የከሰል ስብርባሪ ብትጨምሩ አይጎዳም። ፍግ ያልበሰለ ከሆነ በጭራሽ።

ከታች ድንጋይ መደርደር ውሃ ያስወጣል የሚባለው ነገር ልክ አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትላልቅ ድንጋይ የሚወርደው ላይ ያለው አፈር መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ ከጠገበ በኋላ ነው፣ ስለዚ ድንጋዩ እርጥቡን ቦታ ወደ ስሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያደርቀውም። ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት አፈር ይሁን፣ ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳያመልጥ ቁራጭ የወባ አጎበር ከጣላችሁ በቂ ነው።

ማሰሮው ከተክሉ በ2 ወይ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፣ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ካክተስ ማለት ስር የሌለበት ብዙ እርጥብ አፈር ማለት ነው። ያልተቀባ ሸክላ ለጅማ አየር ከፕላስቲክ ይሻላል፣ በጎኑም ይተነፍሳል። ቂጡ ካልተቀደደ በድሪል ብሱት፣ የሚበሳውን ቦታ ውሃ እያንጠባጠባችሁ ቀስ ብላችሁ ያለ መዶሻ ምት፣ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ከዛ ቦታው ነው። ከቆርቆሮ ጠርዝ ስር በፍፁም አታስቀምጡ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከዝናቡ በብዙ ይበልጣል። በረንዳ ውስጥ ከሆነ ወጨፎ የማይደርስበት ድረስ ሳብ አርጉት፣ ግቢ ውስጥ ከሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከላይ ወጥሩለት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን።

ተጨማዷል፣ ከስቷል፣ ውሃ እያጠጣሁት ነው ግን

ሁለት ተቃራኒ ምክንያት ስላለው ሰው የሚጎዳው እዚ ጋ ነው። አፈሩ ደርቆ ማሰሮው ቀሎ ከሆነ በእርግጥም ጠምቶታል፣ ከታች እስኪወጣ በደንብ አጠጡት፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ፣ በጥቂት ቀናት ይሞላል። አፈሩ ግን እርጥብ ሆኖ ከተጨማደደ ስሩ ሞቷል ማለት ነው፣ የሚጠጣበት የለውም፣ ተጨማሪ ውሃ ስትሰጡት መበስበሱን ታፋጥናላችሁ። አውጥታችሁ ከላይ እንዳልኩት ስሩን እዩ። አልፎ አልፎ ደግሞ አፈሩ በጣም ደርቆ ውሃ እንቢ ይላል፣ ስታፈሱበት በማሰሮው ጥግ ጥግ ወርዶ ያልቃል፣ ያን ጊዜ ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁሙትና አንጠፍጥፉት።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት የሚባለውን ተዉት፣ ላዩን ያረጥባል ስሩ ጋ አይደርስም። የጅማ ልክ በግምት ይሄ ነው፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናብ የማያገኘው ከሆነ በየ10 ቀኑ እስከ 2 ሳምንት፣ ጥቅምትና ህዳር በየ2 ሳምንቱ፣ ታህሳስና ጥር በወር አንዴ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ምንም፣ ወይ በጣም ትንሹ ችግኝ ከሆነ በወር አንዴ ትንሽ። ግን ወሩን ሳይሆን ስንጥሩን እመኑ።

አናቱ ቀጥኖ ረዘመ፣ ቀለሙም ገረጣ

ብርሃን አንሶታል። ሳሎን ውስጥ ቲቪው ጎን የሚቀመጥ ካክተስ ሁሉ እጣው ይሄ ነው፣ ለኛ ዓይን ብሩህ የሚመስል ክፍል ለሱ ጨለማ ነው። የቀጠነው ክፍል ተመልሶ አይወፍርም፣ ብርሃን ሲያገኝ ከላይ አዲሱ እድገት ይሰፋና መሃሉ ላይ ወገብ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የሚያድገው አይነት ከሆነ ደረቁ ወር ላይ ቀጭኑን ቆርጣችሁ አድርቃችሁ ትተክሉታላችሁ፣ ታችኛውም ከጎኑ አዲስ ያወጣል፣ ክቡ ከሆነ ግን ቦታውን አስተካክላችሁ እንዳለ ተዉት።

መስኮት ስትመርጡ አንድ ነገር አስቡ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 7 ዲግሪ ከ40 ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ስለዚ ህዳር ላይ ፀሐይ ሲጠግብ የነበረው የደቡብ መስኮት ሰኔ ላይ ምንም አያገኝም። የምስራቅ መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ አንድ ቦታ ብቻ መምረጥ ካለባችሁ እሱን ምረጡ። ወደ አንድ ጎን እንዳይጎብጥ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ አዙሩት።

አንድ ጎኑ ነጣ ወይ ቢጫ ሆነ፣ ከዛ ቡኒ ቅርፊት አወጣ

የፀሐይ ቃጠሎ ነው፣ እኛ ጋ ወቅቱ የታወቀ ነው፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ክረምቱን ሙሉ ደመና ውስጥ የከረመ ተክል ሰማዩ ሲገለጥ ይወጣል፣ በአንድ ቀን ቀትር ይጠበሳል። ጠባሳው አይጠፋም፣ ግን ከደረቀ ተክሉን አይገድለውም። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዛ በ2 ወይ 3 ሳምንት ውስጥ እየጨመራችሁ አለማምዱት፣ አዲስ የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ካለ ደግሞ አርቁት፣ ነፀብራቁ ብቻውን ያቃጥላል።

ቡኒው ከታች ጀምሮ ዙሪያውን እኩል እየወጣ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ግን እርጅና ነው፣ ግንዱ እየጠነከረ ነው፣ ምንም አታርጉት። መለያው ጣት ነው፣ ጠንካራ ከሆነ ሰላም ነው፣ ከለሰለሰ መበስበስ ነው።

ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር እሾሁ ስር

ጥጥ ለባሽ ተባይ ነው፣ ጭማቂውን ይመጥጣል። ጉንዳን ማሰሮው ላይ ከተመላለሰ ቀድማችሁ ጠርጥሩ፣ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ጉንዳን ይጠብቀዋል። የጆሮ ጥጥ 70 ፐርሰንት አልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ንኩት፣ ከዛ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ በጥብጣችሁ ማታ ርጩት፣ ጠዋት በንፁህ ውሃ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ አይረጭም ያቃጥለዋል። በየሳምንቱ እየደገማችሁ ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም። ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ጥጡን ስትጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀይ ከወጣው ኮቺኒያል ነው፣ ትግራይ ውስጥ የበለስ ማሳ ያወደመው ነፍሳት ማለት ነው። የበለስ ዘመድ የሆኑትን ጠፍጣፋ ካክተሶች ነው የሚያጠቃው፣ ብዙ ከተያዘ ቅጠል የመሰለውን ክፍል ቆርጣችሁ ቅበሩ፣ ለሰው አትስጡ ደጅም አትጣሉ፣ ትንንሾቹ በነፋስ ይሄዳሉ።

ከላይ ምንም ሳይታይ እድገቱ ከቆመ ስሩ ላይ ያለው አይነት ሊሆን ይችላል፣ ሲወጣ ስሩና የማሰሮው ግድግዳ ላይ ነጭ ብናኝ ታያላችሁ። አፈሩን ሙሉ ጣሉ፣ ስሩን እጠቡ፣ አድርቃችሁ በአዲስ ትከሉ፣ ማሰሮውን በፈላ ውሃ እጠቡት።

አናቱ ዝገት የመሰለ ቀለም ካወጣና ስስ ድር ካለው ግን ሌላ ነው፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው በጣም ትንሹ ተባይ ነው፣ በደረቁ ወራት ጥርና የካቲት ላይ ይበዛል። በውሃ በኃይል እጠቡት፣ ያው የላርጎ ውሃ ይሰራል፣ ዝገቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች፣ ሻጋታም አለ

የቡና አተላ ደፍታችሁበት እንደሆነ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ጅማ ላይ ቡና በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይፈላል፣ አተላው ማዳበሪያ ነው ተብሎ ቅርብ ያለ ማሰሮ ላይ ይደፋል። ለጓሮ ጎመን ይሁን፣ ለካክተስ ግን አተላው ላዩን ይሸፍነዋል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል፣ ዝንቧ እንቁላሏን የምትጥለው እዛ ነው፣ ትሏ ደግሞ የችግኝ ስር ትበላለች። ላዩን 3 ሴንቲ ሜትር ጠርጋችሁ ጣሉ፣ በጠጠር ተኩት፣ አፈሩ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ ውሃ አቁሙ፣ ዝንቡ በራሱ ይጠፋል።

ዩሪያም እንደዛው ነው፣ ቶሎ ያሳድገዋል ግን የለሰለሰና የሚፈነዳ አካል ይሰጠዋል፣ ክረምት ላይ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ማዳበሪያ ከፈለጋችሁ ናይትሮጅኑ ያነሰ ፈሳሽ በግማሽ መጠን አቅጥናችሁ በየካቲትና በግንቦት መካከል 2 ወይ 3 ጊዜ ይበቃል።

ተሰነጠቀ፣ ወይ ተበልቷል

ስንጥቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲጠጣ ነው፣ አትንኩት፣ ይደርቃል ጠባሳ ይሆናል፣ ዝናብ ብቻ አይግባበት። ክረምት ላይ ጎኑ ተግጦ ካገኛችሁት ቀንድ አውጣ ነው፣ ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙ፣ ማሰሮውን ከመሬት አንሱ።

ዓመት አለፈው አያብብም

አንዳንዱ ዕድሜው አልደረሰም፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ትልቁ አይነት ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ ትንንሾቹ ክብ ካክተሶች ግን በ3 ወይ 4 ዓመታቸው ማበብ ይችላሉ። ካላበቡ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዓመቱን ሙሉ በእኩል ውሃ መጠጣታቸውና ፀሐይ ማጣታቸው ነው። ታህሳስና ጥር እዚ ጋ ለዚ የተመቸ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ፀሐይ፣ ውሃውን በወር አንዴ አድርጋችሁ ውጪ አሳድሩት፣ የካቲት ላይ እሾሁ ስር ትንሽ እብጠት ስታዩ ውሃ መስጠት ጀምሩ፣ ከዛ በኋላ ቦታውን አታቀያይሩት እምቡጡ ይረግፋል።

እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ እየቀጠለ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ደግሞ በዚ ሁሉ ሕግ አይሄድም። እሱ የብራዚል ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚያድግ ካክተስ ነው፣ የቀትር ፀሐይ ያቀላዋል፣ ሙሉ ለሙሉ መድረቅም አይወድም፣ ኮምፖስት የበዛበት ቀላል አፈርና የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። እምቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ረዘም ሲል ነው፣ እኛ ጋ ሌሊቱ ከጥቅምት ጀምሮ ከ12 ሰዓት ትንሽ ስለሚያልፍ ማታ መብራት የማይበራበት ክፍል ውስጥ ካሳደራችሁት ይበቃዋል፣ ሳሎን አምፖል ስር እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሽ ከሆነ ግን አያብብም።